ወፎች ሟቻቸውን ያውቃሉን? ያዝናሉስ?

ቢስሚላህ። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የሁለቱ የአደም ልጆች ታሪክ በሐልቃ ሲነሳ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ቁራው የወገኑን ሞት ያውቃል ማለት ነው? ካወቀስ ያዝናል? አንዳንዱ «ሳይንስ አረጋግጧል፤ ቁራ ለሟቹ ለቅሶ ይቀመጣል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ወፍ ምን ስሜት አለው!» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መልሶች ማስረጃውን ቀድመው የሮጡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ቁርኣንና ሐዲስ ምን እንደሚሉ፣ ተመራማሪዎች ምን እንዳዩ፣ ከእኛስ ምን እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

1. አንቀጹ የሚለውና የማይለው

ታሪኩ የሚገኘው በሱረቱል ማኢዳህ ከ27ኛው እስከ 31ኛው አንቀጽ ነው። አንዱ ወንድሙን ከገደለ በኋላ አላህ (ሱ.ወ.) የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚሸሽግ ሊያሳየው መሬት የሚጭር ቁራ ላከ። ገዳዩም ከቁራው እንኳ አንሶ በመገኘቱ ራሱን ወቀሰ፤ ከተጸጻቾችም ሆነ።

ቃቢልና ሀቢል የሚሉት ስሞች በቁርኣን ውስጥ የሉም፤ የመጡት ከተፍሲር ዘገባዎች ነው። ሁለት ቁራዎች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ገድሎ ቀበረው የሚለውም ዝርዝር ኢብኑ ከሲርን የመሳሰሉ ሙፈሲሮች ከቀደምት ሰዎች ያስተላለፉት እንጂ የአንቀጹ ቃል አይደለም። አንቀጹ የሚነግረን ቁራው መሬት እንደጫረና የሰው ልጅ ከእርሱ እንደተማረ ነው። ቁራው አዘነ አይልም፤ አላዘነም አይልምም። ስለዚህ አንቀጹን ለቁራ ለቅሶ ማስረጃ ማድረግ ያልተናገረውን ማናገር ይሆናል።

በሌላ በኩል ቁርኣን ወፎችን እንደ ተራ ዕቃ አያያቸውም። በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ በሁለት ክንፎቻቸው የሚበሩ ወፎች እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸው ተነግሯል። በሱረቱ ኑር 41ኛ አንቀጽ ክንፎቻቸውን የዘረጉ ወፎች አላህን እንደሚያጠሩና እያንዳንዱም ስግደቱንና ማጥራቱን እንደሚያውቅ ተገልጿል። ሱረቱል ኢስራእ 44ኛ አንቀጽ ደግሞ የፍጡራንን ተስቢሕ እኛ እንደማንገነዘብ ይነግረናል። ከእነዚህ አንቀጾች ሁለት ነገር እንይዛለን፦ ወፎች የራሳቸው የሆነ ዕውቀት አላቸው፤ እኛ ደግሞ ያንን ሁሉ አንደርስበትም።

አቡ ዳውድ ከዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶችን ወሰዱ። እናትየው መጥታ ክንፎቿን እያርገበገበች ትዞር ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመለሱ ይህችን ወፍ በልጇ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጇንም እንዲመልሱላት አዘዙ። በዐረብኛው የገባው «ፈጀዐ» የሚለው ግስ ሰው የሚወደውን ሲያጣ ለሚደርስበት መሪር ሐዘንም የሚውል ነው። ጫጩቶቹ በሕይወት ነበሩና ሐዲሱ ስለ ሞት አይናገርም። የእናትን ጭንቀት ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተውታል፤ ስምም ሰጥተውታል።

2. ተመራማሪዎች ያዩት

እ.ኤ.አ. በ2012 ቴሬሳ ኢግሌሲያስና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ መኖሪያ ቤቶች ጓሮ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ የቁራ ዘመድ በሆነች አንዲት ሰማያዊ የጓሮ ወፍ ላይ ነበር። ወፎቹ በሚመገቡበት ቦታ አንድ ጊዜ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ሌላ ጊዜ የሞተ ወገናቸውን አስቀመጡ። እንጨቱ ከቁም ነገር አልተቆጠረም። ሬሳውን ሲያዩ ግን መብላታቸውን ትተው ጮኹ፤ ሌሎችም ተሰበሰቡ፤ ከዚያም ለአንድ ቀን ያህል በዚያ አካባቢ መመገባቸውን ቀነሱ። በገለባ የተሞላ ጉጉት ሲቀመጥም በተመሳሳይ መንገድ ጮኹ። ቆሞ ሕያው የሚመስል የተሞላ ወገናቸው ሲቀመጥ ደግሞ እንደ ድንበር ገፊ ባላንጣ ተወረወሩበት። ስለዚህ የሞተውን ከሕያው ይለያሉ፤ ሬሳውንም እንደ ጉጉት የአደጋ ምልክት አድርገው ያዩታል።

ሁለተኛው ጥናት በሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ኬሊ ስዊፍትና ጆን ማርዝሉፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ነው። ጭምብል ያጠለቀ ሰው የሞተ ቁራ ይዞ በቁራዎች መመገቢያ አጠገብ ይቆማል። ቁራዎቹ ተሰብስበው ይጮሁበታል። በኋላ ያው ጭምብል ባዶ እጁን ሲመለስም፣ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ የጮኹበት ቁራዎች ነበሩ። የሞተ እርግብ ሲያዝ ግን ምላሹ በጣም ደከም ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሌላ ጥናት ቁራዎች ሬሳውን የነኩት ከአራት ጊዜ በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር፤ ሲነኩትም ከመንካት አልፎ መንቆርና መጎተት ታይቷል። በብዛት ግን ርቀው ይጮሁ ነበር።

ልብ በሉ፤ ቁራ ምግቡን መሬት ውስጥ መሸሸጉ የታወቀ ልማዱ ነው። ከላይ ባየናቸው ሙከራዎች ግን ሬሳ ሲቀብር አልተመዘገበም።

3. ጩኸት ሁሉ ሐዘን ነውን?

ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ይህንን ልዩነት በላብራቶሪ እናውቀዋለን። ቴርሞሜትር ሙቀቱን ይለካል፤ ሙቀቱ ከእሳት ይምጣ ከፀሐይ ግን አይነግረንም። ተመራማሪዎቹም የለኩት ከውጭ የሚታየውን ነው፦ ጩኸቱን፣ መሰብሰቡን፣ ምግብ መተዉን። ይህ ሁሉ «እዚህ ቦታ አንዳችን ሞቷል፤ ተጠንቀቁ» ከሚል ትምህርት ጋር ይስማማል። ሐዘን ጨምሮበት ሊሆንም ይችላል፤ ሙከራው ግን ሐዘንን ከፍርሃት ለይቶ አላወጣም።

ወደ ሐዘን የሚቀርቡ ምልከታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው ኮንራድ ሎሬንዝ፣ ጓደኛዋን ያጣች ዝይ አንገቷን እንደምትደፋና ዓይኗ እንደሚጎደጉድ ጽፏል፤ በሐዘን ላይ ካለ ሰው ጋርም አመሳስሏታል። ዝይ ለረጅም ጊዜ ከአንድ ጓደኛ ጋር የምትኖር ወፍ ናት። በአንጻሩ ብዙ ትናንሽ የጓሮ ወፎች ጓደኛቸው ሲሞት ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ያገኛሉ። እንግዲህ «ወፎች» ብሎ ሁሉንም በአንድ መስፈር አይቻልም።

የደረስንበትን እናጠቃል፦ ቢያንስ አንዳንድ ወፎች የወገናቸውን ሬሳ ይለያሉ፤ ከእርሱም ይማራሉ። ሐዘናቸው ይቻላል፤ አልተረጋገጠም። በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ ዕውቀት የሌለንን እንዳንከተል ታዘናል፤ ጆሮም ዓይንም ልብም ተጠያቂዎች ናቸው። ዲንን ለማስወደድ ብለን «ሳይንስ አረጋገጠው» የምንለው ነገር ነገ ስህተት ሆኖ ሲገኝ፣ የሰማን ወጣት የሚጠራጠረው እኛን ብቻ ላይሆን ይችላል።

4. በእኛ አካባቢ

ታዲያ ሐዘናቸው እስኪረጋገጥ ምን እናድርግ? መልሱን ለማግኘት ሲያትል መሄድ አያስፈልግም። በኢሉ አባቦር ደን፣ በያዮ የቡና ደን (እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው) እና በሾላ ዛፎች ላይ፣ ትልቅ ምንቃር ያለው፣ በምንቃሩ ላይ እንደ ቀንድ ያለ የተደረበበት፣ ሲበር ክንፉ የሚያፏጭ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። ሴቷ ለመፈልፈል ስትዘጋጅ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ትገባና መግቢያው በጭቃ ይደፈናል፤ የሚቀረው ጠባብ ቀዳዳ ነው። ወንዱ ለወራት ፍሬ እየለቀመ በዚያች ቀዳዳ እርሷንና ጫጩቶቹን ይመግባል። የሚበሉትን የዛፍ ፍሬ ዘር በየቦታው እየጣሉም ደኑን ይተክላሉ።

በዚህ ወቅት አንድ ልጅ በወንጭፍ ወንዱን ቢጥለው በዛፉ ውስጥ ያሉት መጋቢያቸውን ያጣሉ። እናትየው አዘነች አላዘነች የሚለውን ማንም ሳይለካ፣ ረሃቡ ግን እርግጥ ነው። ጉዳት ማድረስ ከልካይ የሚሆነው የተጎጂው ስሜት በጥናት ሲረጋገጥ ብቻ አይደለም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ጫጩቶቹ እንዲመለሱ ያዘዙት ያዩትን ጭንቀት በቂ አድርገው ነው።

ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን ባገኙ ጊዜም፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደረገሙ ነግረዋቸዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በየሰፈራችን ወንጭፍ አንግተው ለጨዋታ ወፍ የሚያሳድዱ ታናናሾቻችን ይህን ከማን ይስሙ? ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ በየመድረሳው ልንነግራቸው የምንችለው እኛ ነን። ስንነግራቸውም በቁጣ አይሁን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትንሿ ወፉ የሞተችበትን ሕፃን አቡ ዑመይርን ስለ ወፉ እየጠየቁ አጫውተውታል፤ የልጅን ሐዘን አልናቁም።

ለሐልቃ ውይይት

ሀ. በማኢዳህ 31ኛ አንቀጽ ተማሪው ሰው፣ አስተማሪው ቁራ ነው። ይህ ስለ ኩራት ምን ያስተምረናል?
ለ. የአንቀጹን ቃል፣ የተፍሲር ዘገባንና የሳይንስ ግኝትን ሳንቀላቅል እንዴት ለሌላ ሰው እናስረዳለን?
ሐ. በግቢያችንና በሰፈራችን ጎጆ ሲፈርስ ወይም ወፍ ሲወገር ስናይ በዚህ ሳምንት ምን ልናደርግ እንችላለን?

አላህ (ሱ.ወ.) የምናውቀውን የምንሠራበት፣ የማናውቀውን የምናከብር ያድርገን። ወላሁ አዕለም።