ሽማግሌና ጎረምሳ በአንድ እርከን ላይ

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደጋ ናት። አገሩ ተዳፋት ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። የሄደ አፈር አይመለስም፤ አፈር ከሄደ ገብሱም ይሄዳል። ስለዚህ እርከን ያስፈልጋል።

እርከን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በወንፈል ይሠራል፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ ነው። በወንፈሉ የ20 ዓመት ጎረምሳም የ70 ዓመት ሽማግሌም ይገኛል። ታዲያ ጭቅጭቅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጎረምሳው «እኔ ስቆፍር እሳቸው ጥላ ሥር ይውላሉ» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ «ትናንት የተወለደ ልጅ ሊያዘኝ ነው ወይ?» ይላሉ።

እስቲ ሁለቱንም እንመርምር። ሽማግሌው ጉልበታቸው ደክሟል። ነገር ግን በከባድ ክረምት ጎርፉ በየት በኩል እንደሚሰብር ብዙ ዘመን አይተዋል። ጎረምሳው ሳይጠይቅ ቢክብ ካቡ በአንድ ሌሊት ዝናብ ይናዳል።

ጎረምሳው ደግሞ በውሃ ልክ መለካት ይችላል። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት እንጨቶች በገመድ ይያያዛሉ። ውሃ ልኩ በገመዱ መካከል ይንጠለጠላል። አረፋው መካከል ላይ ሲቆም ሁለቱ እንጨቶች የቆሙበት መሬት እኩል ነው። በዓይን ግምት ብቻ የተሠራ እርከን ግን ሊያዘነብል ይችላል። ያን ጊዜ ውሃው ወደ አንድ ወገን ይሰበሰብና ካቡን ይሰብራል።

ከልጅ መማር ነውር አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ስንት አዛውንት ልጃቸው ከሚሆን አስተማሪ ፊደል ቆጥረዋል!

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይከፈል፦

1. ሽማግሌዎች መሬቱን ከወጣቶች ጋር ዞረው የጎርፉን መንገድ ያሳዩ።
2. ወጣቶች መስመሩን በውሃ ልክ ያውጡ።
3. ቁፋሮና ሸክም ለጉልበተኛ፣ የድንጋይ ካብ ልምድ ላለው ይሰጥ።
4. የሽማግሌው ቀን በወንፈሉ እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠር።

ዋናው አራተኛው ነው። ወንፈል በዶማ ብቻ ከተቆጠረ ሽማግሌው ብድር መመለስ አይችሉምና ማሳቸው ያለ እርከን ይቀራል። ጎርፉ ከዚያ ይነሣል፤ ከታች ያለውን የጎረምሳውን እርከንም ይዞት ይሄዳል። የላዩ ማሳ ካልተጠበቀ የታቹ አይድንም።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ. በቀበሌያችሁ በወንፈል ሥራ ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች ምን ይሰጣቸዋል?
ለ. ቀናቸውስ እንዴት ይቆጠራል?