እረኛም ይጠየቃል

በእግዚአብሔር ቤት ሹመት አደራ ነው፤ አደራ የተቀበለም ሁሉ ስለ ተቀበለው ነገር መልስ መስጠት ይገባዋል። ነገር ግን አንዳንዶች ካህንን መጠየቅ ክህነትን እንደ መድፈር ይቈጥሩታል፤ ሌሎችም በገበያና በመንገድ የሰሙትን ይዘው አባቶችን ያማሉ። ሁለቱም ከሥርዐት ውጭ መሆናቸውን በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

አስቀድመን ቅዱሳት መጻሕፍትን እንመልከት። ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ በሕዝቡ ፊት ቆሞ፥ የማንን በሬ እንደ ወሰደ፥ ከማንስ እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ እንዲመሰክሩበት ጠየቀ (1ኛ ሳሙ. 12)። ቅዱስ ጴጥሮስ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ስለ ገባ ወንድሞች በኢየሩሳሌም በተከራከሩት ጊዜ፥ የሐዋርያነቱን ክብር ሳይመካበት ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ገለጸላቸው (የሐዋ. 11)። ቅዱስ ጳውሎስም ለድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ለብቻው አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይመጣ የታመኑ ወንድሞች አብረውት እንዲያገለግሉ አደረገ (2ኛ ቆሮ. 8)። ስለ ተጠየቁ ክብራቸው አልጐደለም፤ ንጽሕናቸው ተገለጠ እንጂ። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ካህናት ሥርዐት ሲናገር ከፓትርያርኩ ይጀምራል፤ ከሕግ በላይ የሆነ የለምና።

ይህ ትምህርት በሀገራችን ደንብ ሆኖ ተጽፏል። አቡነ ቴዎፍሎስ አስቀድሞ የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ የጭሮ፥ የገለምሶ፥ የበዴሳ፥ የሂርናና የሚኤሶ ምእመናን በእርሳቸው ጥበቃ ሥር ነበሩ። በ1963 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ፤ በዘመናቸውም በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ ወጣ። በዚህ ደንብ በየአጥቢያው ካህናት፥ ምእመናንና ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ፤ የቤተ ክርስቲያን ገቢና ወጪም በሥርዐት ተመዝግቦ እንዲመረመር ተደረገ።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ይህ ነገር ይልቁን ያስፈልጋል። በዚያ ምእመናን ጥቂት ናቸው፤ ጧፉና ዕጣኑ የሚገዛው ቡና አምራቹና ነጋዴው ከድካማቸው ቀንሰው በሚሰጡት መባ ነው። አንድ አለቃ ያን ገንዘብ ለራሱ ቢያደርገው የሚጐድለው ሣጥኑ ብቻ አይደለም፤ የሰጠው ሰው ልብም ይቀዘቅዛል፤ ጐረቤቱም በክርስትና ላይ ይዘባበታል።

ይሁን እንጂ መጠየቅ ሥርዐት አለው። ሐዋርያው ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ከሌለ በሽማግሌ ላይ ክስ እንዳይሰማ አዟል፤ ጥፋተኛው ግን በሁሉ ፊት እንዲገሠጽ ተናግሯል (1ኛ ጢሞ. 5)። ሥርዐት የሌለው ክስ የት እንደሚያደርስ ከአቡነ ቴዎፍሎስ ታሪክ እንማራለን። ሰበካ ጉባኤን ያቋቋሙት እኒህ አባት በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ለፍርድ ሳይቀርቡ ተገደሉ። ክስ ነበረ፤ ፍርድ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሙዳየ ምጽዋቱ በተመረጡ ሰዎች ፊት ይቈጠር፤ ለገባው ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥ፤ የዓመቱ ሒሳብ በጉባኤ ይነበብ። በአገልጋይ ላይ አቤቱታ ያለው ሰው ስሙን ጽፎ ለሰበካ ጉባኤው ያቅርብ፤ በዚያ ካልተፈጸመ ለወረዳ ቤተ ክህነት፥ ከዚያም ጭሮ ላለው ሀገረ ስብከት ያድርስ። የተከሰሰው መልሱን ይስጥ፤ በነገሩ ያለበት ሰው በዳኝነት አይቀመጥ። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ንጽሕናው ክሱ በተሰማበት ስፍራ ሁሉ ይነገር፤ ካጠፋም የወሰደውን መልሶ ንስሓ ይግባ። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ዓላማው ማዳን ነውና።

ሒሳብ ጠያቂው በመጨረሻ የእረኞች አለቃ ነው። በጉባኤ ፊት መዝገቡን መግለጥ የለመደ አገልጋይ በዚያ ቀን አያፍርም። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።