አሮጌ ፒክአፕ ለሚያድስ ልጅ ምክር

ልጄ፣ ከአጎትህ እርሻ ያመጣሃትን ላንድክሩዘር ፒክአፕ ግቢ አስገብተህ «ዕቃዋ አይገኝም፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ማለትህን ሰማሁ። ደግ አድርገሃል። 40 የሚባለው የቶዮታ ዝርያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 የተመረተ ነው። ያንተዋ ኤችጄ47፣ ባለ 4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ናፍጣዋ፣ ከመጨረሻዎቹ ናት። በ2021 ኩባንያው ለዚህ ዝርያ አንዳንድ ዕቃዎችን መልሶ ሊያመርት እንደሆነ አስታውቆ ነበር፤ ቅድሚያ የሰጠው ግን ለሞተር፣ ለኃይል ማስተላለፊያና ለጭስ ማውጫ ክፍሎች ነው። አንተን የቸገረህ ላሜራ ነው፤ የካቢናው ወለል፣ የበሩ ሥር፣ የኋላው ማዕዘን። ሶማሌ ተራን ስትዞር ብትውል የምታገኘው ወይ ካንተው የባሰ የዛገ ነው፣ ወይ ዋጋው የማይቀመስ።

ስለዚህ መሥራቱ ግድ ነው። ወጣት ሁሉ ብየዳውን ዋና ሥራ፣ ልኬቱን ዝግጅት አድርጎ ያያል። ባትላሜ ልኬት ነው፤ በልኩ ያልተሠራ ላሜራ በየትኛውም በያጅ እጅ አይቀናም።

1. አንዲት ቡሎን ሳትፈታ ለካ። የካቢናው ወለል የበሰበሰ መኪና ቆሞ የሚታየው በልማድ ነው፤ ወለሉን ስትቆርጥለት የበሩ ቋሚዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ይሄዳሉ። በዓይን የማይታይ አምስት ሚሊሜትር በሩን አልዘጋም ለማሰኘት ይበቃል። ከቀኝ ፊት ማዕዘን ወደ ግራ ኋላ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ በሜትር ለካ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል መምጣት አለባቸው። የበሩን ቀዳዳም ላይና ታች፣ በሰያፍም ለካና ደብተር ላይ ጻፍ። ከዚያ 25 በ25 አርኤችኤስ ቆርጠህ ከማጠፊያው ቋሚ እስከ መቆለፊያው ቋሚ ከውስጥ በኩል በነጥብ ብየዳ አያይዘው፤ በሩ ሲዘጋ እንዳይነካው ቦታ ተውለት። ይህ ድጋፍ አዲሱ ወለል ተበይዶ እስኪያልቅ አይነሳም። መኪናዋም በአራት እግሯ እኩል መሬት ላይ ትቁም፤ በአንድ ክሪክ አንጋደህ የበየድከው ወለል ስታወርዳት ሌላ ቅርጽ ይይዛል።

2. የቆረጥከውን አሮጌ ቁራጭ አትጣል። ቁራሌው በር ላይ ሲጮህ እናትህ ጠርታ እንዳትሰጥበት አስጠንቅቃት። ግማሹ በዝገት ቢበላም የእጥፉ ስፋት፣ የቀዳዳው ቦታ፣ የማጠናከሪያው ሽንተረር ያለው እሱ ላይ ነው። ፕላን የሚሰጥህ የለም፤ ፕላንህ እሱ ነው።

ስትቆርጥም አትሳሳ። ላሜራውን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው፤ የሚሰረጉደው ሁሉ ይወጣል። የሚያበራና ሙሉ ውፍረት ያለው ብረት እስክታገኝ ሂድ፤ በሳሳ ጠርዝ ላይ የተበየደ ላሜራ ከጎኑ ይቀደዳል። የምታስገባውን ቁራጭ ማዕዘኖች ክብ አድርጋቸው።

3. መጀመሪያ ካርቶን፣ ቀጥሎ ላሜራ። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ወረቀት እንደሚቆርጠው ነው። ካርቶኑን ቦታው ላይ አስገባ፣ እጠፍ፣ አውጣ፣ ቁረጥ፣ እንደገና አስገባ። ለመበየጃ የሚታጠፈውን ከንፈር ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ጨምርለት። የእጥፉን መስመር በእስክርቢቶ አስምርና የትኛው ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደሚታጠፍ እዚያው ላይ ጻፍ። «ቀኝ» «ግራ» የሚለውንም አትርሳ፤ የግራው ወለል የሚሠራው የቀኙ ካርቶን ተገልብጦ ነው። ሳይገለብጡ ሁለት ቀኝ ሠርተው የሚያዝኑ ሰዎች በየጋራዡ አሉ።

4. ለወለልና ለበር 1 ሚሊሜትር ላሜራ ይበቃል፤ መቀመጫና ባትሪ ለሚሸከም ድጋፍ 3 ሚሊሜትር ያዝ። ማጠፊያ ማሽን የለኝም ብለህ አትቀመጥ። ሁለት አንግል ብረት መሐል ላሜራውን አስገብተህ በሞርሳ አጥብቅ፣ ከዚያ በእንጨት መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት ጥቂት እያልክ አጋድመው። በአንድ ቦታ ደብድበህ ከጨረስክ በኋላ ወደ ቀጣዩ ከሄድክ መስመሩ ይሞገዳል። ሁለት እጥፍ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አስቀድመህ ትንሽ ቀዳዳ ብሳለት፤ ሳይበሳ የታጠፈ ማዕዘን ይሰነጠቃል።

3 ሚሊሜትር ብረት ስታጥፍ ውፍረቱ ልኬት ውስጥ ይገባል። ሁለት ጎኑ የታጠፈ ድጋፍ በውስጥ ልኩ ታጥፎ በውጪ ሲለካ 6 ሚሊሜትር ይበልጣል። የቡሎኑን ቀዳዳ ግን ከመታጠፉ በፊት አትብሳ፤ ታጥፎ፣ ቦታው ተይዞ፣ ምልክት ተደርጎ ይበሳል።

የታጠፈው ከንፈር ጠመዝማዛ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የቁራጩ ጠርዝ ወደ ውጪ ሲጎብጥ የከንፈሩ ብረት መኮማተር፣ ወደ ውስጥ ሲጎብጥ መለጠጥ አለበት። መለጠጡ ቀላል ነው፤ ከባድ ብረት ላይ አስደግፈህ ብትቀጠቅጠው ይሰፋል። መኮማተሩ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከንፈሩን በፒንሳ ትንሽ ትንሽ ካሸበሸብክ በኋላ ሽብሽቡን በእንጨት ላይ በመዶሻ መልሰህ ታጠፋለህ። መጀመሪያ በውዳቂ ላሜራ ተለማመድ፤ ምናለሽ ተራ ርካሽ ቁርጥራጭ አይጠፋም።

5. የቤት ክዳን ትራፊ አትበይድ። ላሜራ ነው፣ አጥር ሥር ተጋድሟል፣ ያጓጓል። ነገር ግን ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንኩ በብየዳ እሳት ሲተን ነጭ ጭስ ይሆናል፤ የተነፈሰው ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። በያጆች ወተት ጠጣበት ይላሉ፤ ወተቱ የሳንባህን ጭስ አያወጣም። ሌላም የባሰ አለ፦ በቆርቆሮ የሚሸጥ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ነፍተህ ሳይደርቅ ከበየድክ ፎስጂን የሚባል ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመግደያነት የዋለ ነው። ብረቱን ለብየዳ የምታጸዳው በሽቦ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይሁን፤ በደንብም ይድረቅ።

6. አሁን ብየዳው። በ2.5 ኤሌክትሮድ 1 ሚሊሜትር ላሜራ እበይዳለሁ ብለህ አትሞክር፤ ይበሳል፣ ቀዳዳውን ስትሞላ ሌላ ይበሳል። ሚግ የሚሉትን የሽቦ ብየዳ ተከራይ፣ ሽቦው 0.6 ወይም 0.8 ይሁን። እሱ ካልተገኘ የለመደ ሰው በኦክስጅን ብየዳ ይሥራልህ፤ ሙቀቱ ሰፊ ስለሆነ ላሜራውን ይበልጥ ያጎብጣል እንጂ ሥራውስ ያምራል።

አንድ ብልሃት ልንገርህ። አዲሱን ቁራጭ በአሮጌው ላይ አነባብረህ አጥብቅና ሁለቱን በአንድ ላይ በ1 ሚሊሜትር የግራይንደር ዲስክ ቁረጣቸው። አሮጌውን ትራፊ ስታወጣ በሁለቱ መሐል የዲስኩን ያህል እኩል ክፍተት ይቀራል፤ ለብየዳ የሚፈለገውም እሱው ነው። ከዚያ ነጥብ ጣል፣ ወደ ሌላው ጫፍ ሂድ፣ ነጥብ ጣል፣ ወደ መሐል ተመለስ። እጅህን የሚያስነሳ ሙቀት ካለ አቁም፤ ውሃ አታፍስበት፣ ራሱ ይቀዝቅዝ። ብየዳ ሲበርድ ስለሚኮማተር ላሜራውን ይስበዋል፤ ነጥቡን ከጀርባው ከባድ ብረት አስደግፈህ በመዶሻ ቀስ ብለህ ብትመታው ይላላል። ነጥቡ ብቻ እያለ በሩን ስቀልና ዝጋ፣ ክፈት። በሩ ካልተስማማ ነጥብ መቁረጥ ቀላል ነው።

ከመጀመርህ በፊት ባትሪውን ፍታ፣ የዲናሞውንም ሽቦ ንቀል። ማሳውን ከምትበይድበት ቦታ አጠገብ እሰር፤ ሻንሲው ዳር ታስሮ ካቢና የሚበየድ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ይጎዳዋል።

ከብየዳው በኋላ የሚለጠፈው ስቱኮ ግን እየተመሰገነ የሚጠላ ነገር ነው። ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተለጠፈ በየዳገቱ እየተሰነጠቀ ይወድቃል። በስቱኮ ያማረ መኪና ለሽያጭ ነው፣ ለባለቤቱ አይደለም።

7. ቡሎን ላይ አትቸኩል። ከመንገድ ዳር የምትገዛው ባለ 10 ቡሎን ብዙ ጊዜ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው፤ ቶዮታ በዚያው ውፍረት በብዛት የሚጠቀመው 1.25 ነው። ሁለት ጥርስ በእጅ ይገባና ይጠብቃል። ያኔ ቁልፍ አምጥተህ ካስገደድከው የአርባ ዓመት ጥርስ ታበላሻለህ። አሮጌውን ቡሎን ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስተያይ፤ ጭነት ለሚሸከም ቦታም ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበትን ምረጥ።

8. የመስታወት ክንድ፣ የባትሪ ሳጥን፣ የመቀመጫ ድጋፍ፣ የጭነት ሳጥን ማጠፊያ ራስህ ሥራ። የባሌስትራ ጎሚኒ በልኩ ቶርኖ ቤት ቢቀረጽልህም ችግር የለውም። ቴስቲና፣ የመሪ ዘንግ፣ የፍሬን ዕቃ ግን አትሥራ፣ አትበይድ፣ አትጠግን። የውሃ ቧንቧ መዳብ ለፍሬን ቱቦ አይሆንም፤ በንዝረት ይሰነጠቃል። የተሰበረ ባሌስትራም ቢበየድ ብየዳው ዳር እንደገና ይሰበራል፤ ለመንጠር የተሠራ ብረት በብየዳ እሳት ተሰባሪ ይሆናል። ለነዚህ ገንዘብ ካጠረህ መኪናዋ ትቁም።

9. የበሩ ሥር መጀመሪያ የዛገው ውሃ መውጫው በጭቃ ተደፍኖ ነው። አዲሱን ስትሠራ መውጫ ቀዳዳዎቹን በነበሩበት ቦታ ብሳ። ቀለም ከመቀባትህ በፊት መጋጠሚያዎቹን በማሸጊያ ሙላ፣ ከውስጥ በኩል አንቲረስትና ሰም ይግባበት። ክረምት ሲገባ ተንበርክከህ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠርግ።

10. የነዳጅ ታንከር አትበይድ። ባዶ ነው፣ ታጥቧል፣ የናፍጣ ነው ቢሉህም አትስማ። የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው ትነት ነው፤ ትነት ደግሞ በባዶው ይበዛል። ያረጀውን ትተህ አዲስ አሠራ። አንተ ግቢ ውስጥ ስትበይድም ታንከሩ ወርዶ ሩቅ ይቀመጥ፣ ምንጣፍና ስፖንጅ ከካቢናው ይውጣ፣ ባልዲ ውሃና አሸዋ የያዘ ሰው አጠገብህ ይቁም። ብየዳው ካበቃ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትቆይና ከላሜራው ጀርባ በእጅህ ሳትዳብስ ግቢውን ለቀህ አትሂድ።