የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ፦ የዌስትሬይና የፓፓ ዌስትሬይ መስመር

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ቀጥተኛ ርቀት ለአውሮፕላኑ ፍጥነት በማካፈል የጉዞን ጊዜ ማስላት ለረጅም በረራ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። በአጫጭር የደሴቶች መስመሮች ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ከስኮትላንድ በስተሰሜን በሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች ዌስትሬይን ከፓፓ ዌስትሬይ የሚያገናኘው መስመር ለዚህ ግልጽ አስረጅ ነው። ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ በ1967 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍን ሲሆን፣ በዓለም አጭሩ መደበኛ የመንገደኞች በረራ በመባል ይታወቃል።

በመስመሩ ላይ የሚሠራው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ብሪተን-ኖርማን አይላንደር፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይበርራል ቢባል ርቀቱን በ40 ሰከንድ ገደማ ይፈጽመዋል። የጊዜ ሰሌዳው የሚሰጠው ግን 2 ደቂቃ ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 81 ኪሎ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። እጅግ ፈጣን ሆኖ የተመዘገበው በረራ እንኳ 53 ሰከንድ ወስዷል። መንደርደር፣ ከፍታ መያዝና ለማረፍ መመቻቸት ርቀቱ ባጠረ መጠን አያጥሩምና። የነፋሱ አቅጣጫም የመነሻውንና የማረፊያውን አቅጣጫ ስለሚወስን፣ በዚህ ርቀት አንድ ተጨማሪ ዙር ጊዜውን በእጅጉ ያራዝመዋል።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። የፓፓ ዌስትሬይ ነዋሪዎች ከ100 አይበልጡም፤ መምህራንና ታካሚዎች በዚሁ አውሮፕላን ይመላለሳሉ። ጀልባው 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የመስመሩ ድጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ ቢመዘን ትርፍ ወጪ መስሎ ይታያል፤ ተገቢው መለኪያ መንገደኛው ከቤቱ ወጥቶ ጉዳዩን ፈጽሞ እስኪመለስ የሚያጠፋው ጊዜ ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ ቀጣዩን በረራ መጠበቅ ከበረራው ይልቅ ይከብዳል።