የማገዶ እንጨት አከማመር

በአሶሳ አቅራቢያ ባለችው በባምባሲ አገር ክረምቱ ረዥም ነው፤ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ስለዚህ ትጉህ ቤተ ሰብ ማገዶውን በበጋ ፈልጦ ያከማቻል። እርጥብ እንጨት እስከ ክብደቱ እኩሌታ ድረስ ውሃ ሊሆን ይችላልና፥ እሳቱ ውሃውን በማድረቅ ይደክማል፤ ጢሱም የእናትንና ያዘለችውን ሕፃን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል።

ልጆች ሆይ፥ የተፈለጠውን እንጨት በመሬት ላይ አትጣሉት። ምስጥ ከታች ገብቶ ውስጡን ሲበላው ላዩ ደኅና ይመስላል። ድንጋይ ደርድራችሁ፥ በላዩ አግዳሚ አጋድማችሁ፥ ነፋስ እንዲያልፍበት አሳስታችሁ ከምሩት። ከግድግዳም አርቁት፤ የተጠጋ ክምር ለምስጥ መሰላል፥ ለእባብም ቤት ነው። ክዳን ከላይ ብቻ ይበቃዋል።

ሽመሉን ለብቻው አኑሩት፤ ለማቀጣጠያ ይረዳል። ነገር ግን ሳይሰነጠቅ ከእሳት ቢገባ በአንጓዎቹ መካከል የታፈነ አየር ካለ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላልና፥ ሕፃናት በሚሞቁበት ምድጃ አስቀድማችሁ ሳትሰነጥቁ አትማግዱት።