ትምህርት፦ ለጨቅላ ሕፃናት ትንፋሽ የማስጀመር እርዳታ አስቀድሞ መዘጋጀት

ለሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ሐኪሞች

ዓላማ፦ እናትየው የኮቪድ-19 ምልክት ሲኖራት ሠልጣኞች ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ዝግጅታቸውን እንዲያጠናቅቁ ማስቻል።

ከ10 ጨቅላ ሕፃናት መካከል 1 ያህሉ መተንፈስ ለመጀመር እርዳታ ይሻል። አብዛኞቹ በማድረቅ፣ በማነቃቃትና በአምቡ ባግ አየር በመስጠት ይድናሉ። ለማይተነፍስ ሕፃን አየር መስጠት በመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። የመከላከያ አልባሳትን በአግባቡ መልበስ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ዘግይቶ የተጠራ ሐኪም በር ላይ ሲለብስ ያቺ ደቂቃ ታልፋለች፤ ሳይለብስ ቢገባ ራሱንና ባልደረቦቹን ለአደጋ ያጋልጣል። መፍትሔው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

ከወሊድ በፊት የሚከናወኑ ተግባራት

1. የማዋለጃ ቡድኑን መጠየቅ፦ የእርግዝናው ዕድሜ፣ የሕፃናቱ ቁጥር፣ የእንሽርት ውኃው መልክ፣ እናትየው የኮቪድ-19 ምልክት ያላት መሆኑ።
2. ሥራ መከፋፈል፦ አየር የሚሰጠው፣ የልብ ምት የሚቆጥረውና ጊዜ የሚመዘግበው ይለዩ። የግድ የሚያስፈልጉት ብቻ ይግቡ፤ ተጨማሪ ረዳት ለብሶ በውጭ ይጠብቅ።
3. መሣሪያ መፈተሽ፦ የአምቡ ባጉን ጭንብል በመዳፍ ደፍኖ ከረጢቱን መጫን፤ በተለያየ መጠን የተዘጋጁ ጭንብሎችን፣ ሳክሽን፣ ኦክስጅንና ደረቅ ፎጣዎችን ማረጋገጥ።
4. ክፍሉን ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ፤ የሚቻል ከሆነ የእርዳታ ጠረጴዛውን ከእናትየው 2 ሜትር ማራቅ።
5. ኤን 95 ጭንብል፣ የፊት መከለያ፣ ጋውንና ጓንት መልበስ፤ አለባበሱን ባልደረባ ይመርምር።

የልምምድ መመሪያ

ልምምዱ በጥቂት ሠልጣኞች፣ በማሠልጠኛ አሻንጉሊት፣ ሙሉ አልባሳት ተለብሶ ይካሄድ። አሠልጣኙ ከጥሪው እስከ መጀመሪያው አየር ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለካ። ጭንብል ድምፅን ያፍናል፤ ፊትንም ይሸፍናል። ስለዚህ አዛዡ ባልደረባውን በስሙ ጠርቶ ይናገር፤ ታዛዡም የሰማውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገም።

አየር በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይሰጥ። ደረት ከፍ ካላለ የጭንቅላቱ አቀማመጥና የጭንብሉ አገጣጠም ይስተካከል። ደረት በሚገባ ከፍ እያለ ለ30 ሰከንድ አየር ተሰጥቶም የልብ ምት በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ፣ 3 ጊዜ ደረት በመጫን 1 ጊዜ አየር ይሰጥ። ልምምዱ አልባሳቱን በጥንቃቄ በማውለቅና እጅን በመታጠብ ይጠናቀቅ።

ማስታወሻ፦ ደህና ሆኖ የተወለደ ሕፃን በጥንቃቄ ስም ከእናቱ አይለይ። ጭንብል አድርጋና እጇን ታጥባ ትቀፈው፤ ታጥባውም።

የመወያያ ጥያቄ፦ በዛሬው ተረኛ ቡድን ውስጥ አየር የሚሰጠው ማን ነው? አምቡ ባጉስ መቼ ተፈተሸ?