የጭርት ቅባት ከቆዳ አልፎ ምን ያህል ይገባል?



በቆቦና በራያ ቆላ ሙቀቱ ሲበረታ ላብ የሚጠራቀምበት የሰውነት ክፍል ሁሉ ለፈንገስ ይመቻል። ብብት፣ ብሽሽትና በፕላስቲክ ጫማ ታፍኖ የሚውል የእግር ጣት መሀል ያሳክካል፣ ይላጣል። ጭርትና ቋቁቻም የፈንገስ በሽታዎች ናቸው። ብዙ ቤተሰብ ክሬም ወይም ጄል ገዝቶ ሲቀባ ሁለት ጥያቄ ይነሳል። መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል ወይ? በረመዳን ቢቀቡትስ ጾም ያፈርሳል ወይ?

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ በሞቱ ሕዋሳት የተነባበረ አጥር ነው። ፈንገሱ የሚኖረው እዚያው በመሆኑ መድኃኒቱም ሥራውን የሚሠራው እዚያው ነው። ጤነኛ ቆዳ ላይ ከተቀባ ክሎትሪማዞል ወይም ማይኮናዞል ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ጾምን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው፣ በቆዳ በኩል የሚገባ ቅባትና ክሬም ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ በረመዳን ሕክምናውን ማቋረጥ አያስፈልግም። አፍ ውስጥ የሚቀባ የማይኮናዞል ጄል ግን ስለሚዋጥ ከዚህ የተለየ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር ቢጠቀመው ደም ሊፈሰው ይችላል።

አጥሩ የሚላላባቸው ሁኔታዎችም አሉ፦

• ቆዳው ሲቆስል ወይም ሲሰነጠቅ፣
• የተቀባው ቦታ በፕላስቲክ ወይም በዳይፐር ሲታፈን፣
• የሚቀባው ሕፃን ሲሆን። የሕፃን ቆዳ ስፋት ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከአዋቂው ይበልጣል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ቤታሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ነው። ማሳከኩንና መቅላቱን ቶሎ ስለሚያስታግስ የዳኑ ይመስልዎታል፤ ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳ ይሳሳል፤ በሕፃናት ላይ ወደ ደም ገብቶ እድገታቸውን እስከ መግታት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ያዋሰዎትን ቅባት ልጅዎን አይቀቡ። ሲገዙም «ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የልጆች የራስ ጭርት ደግሞ በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ የፀጉሩን ሥር ስለሚይዝ ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ምላጭና ማበጠሪያ አለመዋዋስም ይገባል።

አቀባቡን ከሶላት ጋር ማስማማት ይቻላል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ከሱብሒና ከዒሻ ሶላት በኋላ ቢቀባ ውዱዕ ቶሎ አያጥበውም። በጣቶች መሀል ውሃ ማዳረስ የውዱዕ ሱና ነው፤ ከዚያ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅን አይርሱ። ወፍራም ቅባት ውሃ የሚከለክል ሽፋን ከሠራ ከውዱዕ በፊት ይጠረግ። ምልክቱ ቢጠፋም ቢያንስ ለ2 ሳምንት መቀባቱን ይቀጥሉ።

የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ የነጣ ወይም የቀላ ምልክት ካዩ ቅባት ሲቀያይሩ ጊዜ አያባክኑ። የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ደሴ አጠገብ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚህ በሽታ ሕክምና የታወቀ ነው። በጊዜ ከታከመ ፈጽሞ ይድናል።

አላህ ሙሉ ጤንነትን ይወፍቀን። አሚን።